ደንበኛ የሚያየው፣ ባለአክሲዮን የሚከፍለው

ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የድርሻውን 10 በመቶ ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር ገዢው ቢሮ ለቢሮ መዞር አላስፈለገውም። ካርድ የሚሞላበትን፣ የመብራት ሒሳብ የሚከፍልበትን ቴሌብር ይከፍታል፤ ቢያንስ 33፣ ቢበዛ 3,333 አክሲዮን ይመርጣል። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ስለሆነ ትንሹ ግዢ 9,900 ብር፣ ትልቁ 999,900 ብር ይሆናል። የሚስጥር ቁጥሩን ሲያስገባ ነገሩ አለቀ፤ እስከ ትናንት ደንበኛ የነበረው ሰው በዚያው ስልክ ባለአክሲዮን ሆነ።

በዚያ ሰሞን በየቢሮውና በየካፌው የተሰማው ክርክርም ከዚሁ ቅርበት የመነጨ ነበር። አንዱ፣ በዚህ አገር ቴሌን የማይጠቀም ሰው ስለሌለ ድርጅቱ አይከስርም ብሎ ይገዛል። ሌላው በአገልግሎቱ ያልረካበትን ቀን እያስታወሰ ገንዘቡን ይዞ ይቀመጣል። ውሳኔያቸው ቢለያይም መነሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ኩባንያውን የመዘኑት በገዛ ስልካቸው ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ያ ሚዛን ምን ያህል ይታመናል የሚለው ነው። የዕለት ተዕለት ተጠቃሚነታችን የቴሌኮም አክሲዮን ለመግዛትም ሆነ ለመተው በቂ መመሪያ ይሆናል? ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ከህንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያና ከአገራችን የተገኘው ልምድ ሲደመር የሚሰጠው መልስ፣ ደንበኝነት ጥሩ ጠቋሚ ቢሆንም ዳኛ መሆን እንደማይችል ነው። በቴሌኮም ዘርፍ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ደንበኛውን የሚያስደስተው ነገር ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከባለአክሲዮኑ ኪስ ነውና።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የምታውቀውን ግዛ የሚለውን ምክር በዓለም ያስፋፋው አሜሪካዊው የገንዘብ አስተዳዳሪ ፒተር ሊንች ነው። ሊንች እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1990 የፊደሊቲ ኩባንያን ማጄላን ፈንድ ሲመራ በዓመት በአማካይ 29 በመቶ ገደማ ትርፍ አስገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፉ ተራው ሰው በገበያ አዳራሽ፣ በሥራ ቦታና በቤቱ የሚያየውን ነገር የዎል ስትሪት ባለሙያ ገና ሳይሰማው ሊያውቅ እንደሚችል አስረዳ። ታዋቂው ምሳሌው የሴቶች ስቶኪንግ ነው። ባለቤቱ ከሱፐርማርኬት የገዛችው ሌግስ የተባለ ምርት ቤቱ ውስጥ መወደዱን አይቶ አምራቹን ሄንስን መረመረ፣ አክሲዮኑን ገዛ፣ ብዙ እጥፍም አተረፈ።

ከዚህ ታሪክ በሰው አፍ የቀረው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ሊንች ሚስቱ ምርቱን መውደዷን ያየው ምርመራውን ለመጀመር እንጂ ለመጨረስ አልነበረም። ኩባንያው ምን ያህል ያተርፋል፣ ዕዳው ስንት ነው፣ ያ ምርት ከጠቅላላ ሽያጩ ምን ያህሉን ይይዛል፣ የአክሲዮኑ ዋጋስ ከትርፉ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚሉትን ሁሉ አጣርቷል። ከዓመታት በኋላም ቡና የጣፈጠው ሁሉ ሄዶ የቡና ቤቱን አክሲዮን ይግዛ ማለቱ እንዳልነበረ ራሱ ግልጽ አድርጓል።

ጥናቱ ምን ይላል?

ይህን ጥያቄ በቴሌኮም ላይ በቀጥታ የመረመረ ጥናት አለ። የአሜሪካው ግዙፍ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1984 በፀረ ሞኖፖሊ ስምምነት ሲከፋፈል የየአካባቢውን ስልክ የሚያገለግሉ ሰባት የክልል ኩባንያዎች ተፈጠሩ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ጉር ሁበርማን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት የእነዚህን ኩባንያዎች ባለአክሲዮኖች አድራሻ ሲመለከት፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ነዋሪው ከሰባቱ መካከል አብልጦ የያዘው የቤቱን ስልክ የሚያስገባለትን ኩባንያ ሆኖ አገኘው። ሰባቱም የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነበር፤ ባለአክሲዮኑን ወደ አንዱ የሳበው በየወሩ የሚደርሰው ሒሳብ ላይ ያለው ስም ነው። ሁበርማን የደረሰበት መደምደሚያ፣ ሰዎች የሚገዙት የሚያውቁትን ስለሚያምኑ እንጂ ስለሚያውቁት ነገር የተሻለ መረጃ ስላላቸው እንዳልሆነ ነው።

በፊንላንድ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናትም ሰዎች ደንበኛ የሆኑበትን ኩባንያ አክሲዮን የመግዛት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እስከዚህ ድረስ የተረጋገጠው ዝንባሌው መኖሩ ነው። ያተርፋል ወይ የሚለው ግን ክርክር ያለበት ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ክሌስ ፎርኔልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ደንበኞቻቸው በጣም የረኩባቸው ኩባንያዎች አክሲዮን ከገበያው አማካይ የበለጠ እንዳተረፈ ጻፉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ መረጃ እንደገና ሲመረምሩ ብልጫው በአመዛኙ ከኮምፒውተርና ከኢንተርኔት ኩባንያዎች የመጣ ነው አሉ።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ተመራማሪው ጂኩን ህዋንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ጥናት ነው። በአማዞን ላይ የተጻፉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የደንበኛ አስተያየቶችን ሲመረምር፣ የደንበኞች አስተያየት ካለፈው ጊዜ ሲሻሻል የአክሲዮኑ ዋጋ ቀጥሎ የመጨመር አዝማሚያ አሳይቷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ዋጋ ያለው የብዙ ሰው አስተያየት ድምር እንጂ የአንድ ሰው ልምድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ምልክት የሚሰጠው ለውጡ ነው። ጥሩ መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ አገልግሎት በአክሲዮኑ ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ ስለገባ ለአዲስ ገዢ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ደንበኛው የቀደመበት

የደንበኛ ዓይን ከተንታኙ የቀደመበት የቴሌኮም ታሪክ መኖሩን መካድ አይገባም። ቲ ሞባይል ዩኤስ በአሜሪካ ገበያ አራተኛው ደካማ ተወዳዳሪ ነበር፤ ኤቲ ኤንድ ቲ በ39 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው የነበረው ዕቅድም እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በመንግሥት ተቃውሞ ፈረሰ። ከዚያ በጆን ሌጀር መሪነት እ.ኤ.አ. በ2013 ደንበኛውን ያማረሩትን ነገሮች አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረ። የሁለት ዓመቱ ውል ቀረ፤ ከሌላ ኩባንያ ለሚመጣ ደንበኛ የውል ማፍረሻ ቅጣቱን ራሱ ከፈለ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የሚኖር ሰው ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ የሥራ ባልደረባው ኩባንያ ሲቀይር እያየ ነበር። አክሲዮኑ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በኒውዮርክ ገበያ መሸጥ ሲጀምር 16 ዶላር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ200 ዶላር አለፈ።

ነገር ግን በዚያው ገበያ ስፕሪንት የሚባለው ሌላው ኩባንያ ደንበኛውን ያስደሰተው ከቲ ሞባይል ባልተናነሰ ቅናሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ለሚመጣ ሰው ወርሃዊ ክፍያውን በግማሽ እቀንሳለሁ አለ። ደንበኛው ሲደሰት ኩባንያው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ነበር፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2020 በቲ ሞባይል ተጠቀለለ። በስልኩ ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ቅናሽ ሰጪዎች ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው በሒሳብ መዝገባቸው ላይ ነው።

ኬንያ፦ ሁሉም የሚጠቀምበት አክሲዮን

ለእኛ አንባቢ ከሁሉ የቀረበው ትምህርት የሳፋሪኮም ነው። የኩባንያው የሞባይል ገንዘብ መላኪያ ኤም ፔሳ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 ሥራ ጀመረ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የኬንያ መንግሥት ከድርሻው ላይ የሳፋሪኮምን 25 በመቶ፣ ማለትም 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ አቀረበ። ከ8 መቶ ሺህ በላይ ኬንያውያን ለመግዛት አመለከቱ፤ የተጠየቀው ከቀረበው ብዙ እጥፍ ነበር። ከባንክ ተበድሮ የገባም ነበር። ሁሉም ስለ ኩባንያው ያለው እምነት ልክ ነበር፤ ኔትወርኩ ከተወዳዳሪዎቹ የሰፋ፣ ገንዘብ መላኪያው ከገጠር እስከ ከተማ የተወደደ ነበር።

አክሲዮኑ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2008 ገበያ ሲገባ ለጥቂት ቀናት ከ7 ሽልንግ በላይ ተሸጠ። ከዚያ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ወደ 3 ሽልንግና ከዚያም በታች ደረሰ፤ የመሸጫ ዋጋውን 5 ሽልንግ በጽኑ ተሻግሮ ለመቆም እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት የኤም ፔሳ ደንበኛ በሚሊዮን ይጨምር ነበር። ታዲያ አክሲዮኑን ምን አወረደው?

መጀመሪያ ዋጋው ራሱ ነው። 40 ቢሊዮን አክሲዮን በ5 ሽልንግ ሲባዛ ኩባንያው በ200 ቢሊዮን ሽልንግ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2008 ባበቃው የበጀት ዓመት የተጣራ ትርፉ 14 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ስለነበር ገዢው የከፈለው የአሥራ አራት ዓመት ትርፍ ያህል ነው። ያ ዋጋ የሚያዋጣው ትርፉ ቶሎ ካደገ ብቻ ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት ትርፉ ወደ 10.5 ቢሊዮን ወረደ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ቀውስም ያኔ ነበር።

ከዚያ የዋጋ ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2010 በህንዱ ባርቲ ኤርቴል እጅ የገባው ዜን ኬንያ የጥሪ ዋጋን ከ6 ወደ 3 ሽልንግ አወረደ፤ ሳፋሪኮምም ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ። ለኬንያዊ ደንበኛ ይህ የምሥራች ነበር። ያው ሰው የሳፋሪኮም ባለአክሲዮን ከሆነ ግን በአንድ እጁ የቆጠበውን በሌላው እየሰጠ ነበር፤ በዚያ የበጀት ዓመት የኩባንያው ትርፍ 13 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ኤም ፔሳ ከገንዘብ መላኪያነት አልፎ የንግድ ክፍያ፣ የብድርና የቁጠባ መሣሪያ ሲሆን የሳፋሪኮም አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ ደረሰ። በ5 ሽልንግ ገዝቶ የጠበቀ ሰው ከትርፍ ክፍፍሉ ሌላ ገንዘቡን ስምንት እጥፍ አደረገ። ስለዚህ የኬንያ ደንበኛ ስለ ኤም ፔሳ የነበረው ግምት ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ያላየው ዋጋውንና ጊዜውን ነው። ተበድሮ የገባው ሰው ወለዱ እየተቆጠረበት አራት ዓመት መጠበቅ ስላልቻለ በኪሳራ ሸጠ፤ ጎረቤቱ ሊጠብቅ በሚችለው ገንዘብ ስለገዛ አተረፈ። አገልግሎቱ ለሁለቱም አንድ ነበር።

ከስልኩ ጀርባ ያለው

ደንበኛ ሊያያቸው የማይችላቸው ነገሮች በሌሎች አገሮች ታሪክ በየተራ ይታያሉ። ጀርመን የዋጋን ጉዳይ ታሳያለች። ዶይቸ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ1996 በታዋቂው ተዋናይ ማንፍሬድ ክሩግ ማስታወቂያ ታጅቦ በ28.50 ማርክ ሲሸጥ፣ አክሲዮን ገዝተው የማያውቁ ሰዎች የሕዝብ አክሲዮን ብለው ገዙት። ዋጋው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2000 ከ100 ዩሮ አለፈ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ተጨማሪ ድርሻ በ66.50 ዩሮ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አክሲዮኑ ከ10 ዩሮ በታች ነበር። የጀርመኖች የቤት ስልክ አልተበላሸም። የተበላሸው ስሌቱ ነው፤ ለሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ፍቃድ ብቻ የጀርመን ኦፕሬተሮች እ.ኤ.አ. በ2000 በጨረታ 50 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ከፈሉ። ዶይቸ ቴሌኮም በዚያው ሰሞን ቮይስስትሪም የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ በግዙፍ ዋጋ ገዛ። ያ ኩባንያ ነው በኋላ ቲ ሞባይል ዩኤስ የሆነው፤ ለአንድ ትውልድ ባለአክሲዮን ሸክም የነበረው ግዢ ለሌላው ትውልድ ሀብት ሆነ።

አሜሪካ የመዝገብን ጉዳይ ታሳያለች። ወርልድኮም ከአገሪቱ ትልልቅ የረጅም ርቀት ስልክ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2002 ኪሳራ ሲያውጅ የሒሳብ ማጭበርበሩ በመጨረሻ 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ሥራ አስፈጻሚው በርናርድ ኤበርስ የ25 ዓመት እስር ተፈረደበት። ደንበኛው እስከ መጨረሻዋ ቀን ደውሎ ይነጋገር ነበር፤ የተሰበረው ነገር በመስመሩ ላይ አይሰማም።

ህንድ ውድድርን ታሳያለች። ሪላየንስ ጂዮ እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 ጥሪና ዳታ በነጻ እየሰጠ ሲገባ በስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ 100 ሚሊዮን ደንበኛ አገኘ። ለህንድ ሕዝብ ይህ ታላቅ ጥቅም ነበር፤ ኢንተርኔት ያልነበረው ገጠር ኢንተርኔት አገኘ። ለባለአክሲዮኖች ግን ዘርፉ ታመሰ፤ ኤርሴልና ሪላየንስ ኮሙኒኬሽንስ ለኪሳራ ተዳረጉ፣ ቮዳፎንና አይዲያ ለመትረፍ ተዋሃዱ። የተዋሃደው ኩባንያም በመንግሥት የፍቃድ ክፍያ ዕዳ ተጨንቆ በመጨረሻ መንግሥት በዕዳው ምትክ ትልቁ ባለድርሻ ሆነ።

ናይጄሪያ ደግሞ ምንዛሪን ታሳያለች። ኤምቲኤን ናይጄሪያ በአገሩ ገበያ ቀዳሚው ነው፤ የዳታ አጠቃቀሙም በየዓመቱ ያድጋል። ናይራ ከተዳከመ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 137 ቢሊዮን ናይራ፣ በ2024 ወደ 400 ቢሊዮን ናይራ ከሰረ። ደንበኛው የሚከፍለው በናይራ ሲሆን ከታወር፣ ከመሣሪያና ከብድር ክፍያው ብዙው በዶላር ወይም በዶላር የተሰላ ነበር። ተቆጣጣሪው እ.ኤ.አ. ጥር 2025 እስከ 50 በመቶ የሚደርስ የታሪፍ ጭማሪ እስኪፈቅድ ድረስ ኩባንያው ዋጋ ማስተካከል አልቻለም ነበር።

በእነዚህ ላይ አንድ የአጠቃቀም ለውጥ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዋሽንግተን አካባቢ በሚገኙ የኢትዮጵያውያን ሱቆች የሚሸጠው የስልክ ካርድ ከቤተሰብ ጋር መገናኛ ነበር፤ ከጀርባው ያለው ደቂቃም ገንዘብ ያስገባ ነበር። ዛሬ አትላንታ ያለ ሰው በዋትስአፕ፣ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ከእናቱ ጋር ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት ይነጋገራል። ሰዎች ከምንጊዜውም በላይ ይገናኛሉ፤ ከዓለም አቀፍ ጥሪ የሚገኘው ገቢ ግን በአብዛኛው ከኦፕሬተሮች እጅ ወጥቷል። ብዙ መጠቀም ብዙ መክፈል አይደለም፤ ቢከፈልም ገንዘቡ የሚደርሰው ኔትወርኩን ለዘረጋው ኩባንያ ላይሆን ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ተራዝሞ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ፣ 47 ሺህ ገደማ ሰዎችም ገዙ። ያኔ 80 ሚሊዮን ያህል ደንበኛ ለነበረው ድርጅት ይህ ከሺህ ደንበኛ አንድ እንኳ አይሞላም። ለብዙ ቤተሰብ 9,900 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የአክሲዮን ገበያ ልምዱም ገና አዲስ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሽያጩ ገና ሳይዘጋ ነበር። ያም ሆኖ እነዚህ 47 ሺህ ሰዎች ፈር ቀዳጆች ናቸው፤ የገቡበትን ነገር በደንብ እንዲያውቁት መርዳት ደግሞ የጋዜጠኛውም፣ የተቆጣጣሪውም፣ የኩባንያውም ግዴታ ነው።

እስኪ አንድ ስሌት እንሥራ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር፣ በ2017 ደግሞ 162 ቢሊዮን ብር ገቢ አስታውቋል። እድገቱ ከ70 በመቶ በላይ ነው፤ ደንበኛው ካርድ ቶሎ ቶሎ ሲሞላ የሚሰማውም ይኸው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ2016ቱን ገቢ በ57 ብር ብናሰላው 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። የ2017ቱን በአማካይ 120 ብር ገደማ ብናሰላው 1.35 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ግምታዊ ስሌት ነው፤ የሚለው ነገር ግን ግልጽ ነው፦ በብር በጣም ያደገው ገቢ በዶላር ሲለካ ቀንሷል። መሣሪያ ከውጭ ለሚገዛ ኩባንያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጎረቤት አገር ያሉ ባለአክሲዮኖችም ይህንኑ ከእኛ ገበያ ተምረዋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለፍቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር የከፈለ ጥምረት ነው፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራውን በይፋ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ኤም ፔሳን አስገባ። አዲስ አበባ ላይ የሳፋሪኮም ባለ 07 ቁጥር ሲበዛ፣ ሰው ሁለት ሲም ሲይዝ፣ በየሱቁ የኤም ፔሳ ማስታወቂያ ሲሰቀል ያየ ኬንያዊ ባለአክሲዮን ደስ ሊለው ይችል ነበር። በእነዚያው ዓመታት ግን የሳፋሪኮም አክሲዮን ናይሮቢ ላይ ከ15 ሽልንግ በታች ወርዶ ነበር። ኔትወርክ መዘርጋት ገቢ ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት ወጪ ይጠይቃል፤ በኋላም ብር ሲዳከም የሳፋሪኮም ቡድን የግማሽ ዓመት ትርፍ መቀነሱን ኩባንያው ራሱ ገልጿል።

የሁለት ሲም ልማዳችን ለብቻው ሊታይ ይገባል። አንድ ሰው ለጥሪ አንዱን፣ ለዳታ ሌላውን ሲጠቀም በሁለቱም ኩባንያዎች የደንበኛ ቁጥር ውስጥ ይቆጠራል፤ የሚያወጣው ገንዘብ ግን ያው አንድ ኪስ ነው። ስለዚህ የደንበኛ ብዛት ሲነገረን ቀጥሎ መጠየቅ ያለብን ከአንድ ደንበኛ የሚገኘው አማካይ ገቢ ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው።

ዋጋ መቀነስ ሁልጊዜ ለባለአክሲዮን ክፉ ነው ማለትም አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ፣ የሞባይል ጥሪን በ40 በመቶ ቀነሰ። ገቢው በ2011 በጀት ዓመት 36.3 ቢሊዮን፣ በ2012 ደግሞ 47.7 ቢሊዮን ብር ሆነ። ያልተነካ ፍላጎት ባለበት ገበያ ቅናሽ አዲስ ተጠቃሚ ያመጣል። ሁሉም ስልክ በያዘበት ገበያ ግን ቅናሽ ነባሩን ደንበኛ መቀማማት ብቻ ይሆናል። የኬንያንና የህንድን ታሪክ ከእኛ የ2010 ታሪክ የሚለየው ይኸው ነው፤ ወደፊት የእኛ ገበያ ወደየትኛው እንደሚያዘነብል መከታተል የባለአክሲዮን ሥራ ነው።

ታዲያ ደንበኝነታችንን እንዴት እንጠቀምበት?

ደንበኝነት አይጣል፤ ቦታው ይታወቅ። ደንበኛ ሆነን የምናየው ነገር ወደ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ሲቀየር ነው ዋጋ የሚያገኘው። ታሪፍ ሲጨምር እኛና ጎረቤቶቻችን አጉረምርመን ከቀጠልን ኩባንያው ዋጋ የመወሰን አቅም አለው ማለት ነው፤ ያኔ የሚታየው ጭማሪው በትርፉ ላይ ደረሰ ወይ የሚለው ነው። ሰው ቁጥሩን እየተወ ከሄደ ኩባንያው በየሩብ ዓመቱ የሚያሳውቀው የደንበኛ ቁጥር ከተጨባጩ ጋር ይስማማል ወይ ብለን እንጠይቅ። የጉልት ነጋዴዋ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ቴሌብር ወይም ኤም ፔሳ መቀበል ከጀመረች፣ ያ አገልግሎት ከጠቅላላ ገቢው ምን ያህሉን እንደያዘ ሰነዱ ላይ እንፈልግ። የሚጠቀሙበት ሰዎች መብዛትና ኩባንያው ከዚያ የሚያገኘው ገንዘብ ለየብቻ መታየት አለባቸው።

የራሳችን ልምድ የሚወክለው ሠፈራችንን መሆኑንም አንርሳ። ቦሌ ላይ ፈጣን የሆነ ኢንተርኔት ስለ ወልድያ ወይም ስለ ጎሬ አይመሰክርም፤ ኩባንያው ግን ሁሉንም አካባቢ ማገልገል አለበት፤ ገጠር ላይ የሚቆመው ታወር ወጪውን ለመመለስ ከከተማው ይልቅ ዓመታት ይፈጅበታል።

ከዚያ በኋላ የደንበኛ ሳቢ መግለጫው (ፕሮስፔክተሱ) እና የሒሳብ ሪፖርቱ ይገለጣሉ። አምስት ነገሮች ለመነሻ ይበቃሉ፦ ትርፉ በአንድ አክሲዮን ሲካፈል ስንት ነው፣ ለአክሲዮኑ የምንከፍለውስ የስንት ዓመት ትርፍ ነው? ዕዳው ስንት ነው፣ ስንቱስ በውጭ ምንዛሪ ነው? በየዓመቱ ለኔትወርክ ማስፋፊያ የሚወጣው ገንዘብ ከሥራው የሚገባውን ይበልጣል ወይ? ዋጋን የሚወስነው ማን ነው፣ ኩባንያው፣ ተቆጣጣሪው ወይስ ተወዳዳሪው? ትርፍ ክፍፍል ላይ የሚወስነውስ ማን ነው? መንግሥት አብዛኛውን ድርሻ በያዘበት ኩባንያ ውስጥ ትንሹ ባለአክሲዮን ለመጨረሻው ጥያቄ የተለየ ትኩረት መስጠት አለበት፤ መንግሥት ከኩባንያው ትርፍ ብቻ አይፈልግም፣ ተደራሽነትንና ርካሽ አገልግሎትንም ይፈልጋል፤ እነዚህ ለአገር የሚበጁ ናቸው፣ ለባለአክሲዮን ግን ወጪ ናቸው።

መውጫውም ከመግቢያው በፊት ይታሰብ። ደንበኛ ያልተመቸውን ኩባንያ በአንድ ሲም ዋጋ ይለውጣል፤ ባለአክሲዮን ለመውጣት በሚፈልገው ቀንና ዋጋ የሚገዛው ሰው ማግኘት አለበት። ገበያችን ገና በጅማሬ ላይ ስለሆነ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለቤት ኪራይ ወይም ለሕክምና የተቀመጠ ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ መግባት የለበትም፤ የተበደሩት ገንዘብማ ጭራሽ። የኬንያ የእ.ኤ.አ. 2008 ገዢዎች በሁለት የተከፈሉት በዚህ ነጥብ ነው።

የተቆጣጣሪዎችና የኩባንያዎች ድርሻም አለ። አክሲዮን በአንድ ንክኪ እንዲገዛ በመተግበሪያ ያቀረበ አካል የኩባንያውን ትርፍ፣ ዕዳና ስጋት ተራ ሰው በሚረዳው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ በዚያው መተግበሪያ ላይ ማቅረብ ይችላል፤ ይገባዋልም። መግዣው በስልክ ከሆነ ማወቂያውም በስልክ ይሁን።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ሲደመር፣ በቴሌኮም አክሲዮን ገንዘባቸውን ያጡት ብዙዎቹ ስለ አገልግሎቱ የተሳሳቱ አልነበሩም። የጀርመኑ ቤተሰብ ስልኩ እንደሚሠራ፣ ኬንያዊው ኤም ፔሳ እንደሚያድግ በትክክል አውቀዋል። የጎደላቸው የሚከፍሉት ዋጋ ትርፉን የሚመጥን መሆኑን፣ የኩባንያውን ዕዳና የራሳቸውን የመጠበቅ አቅም መመርመር ነበር። በእነሱ ገንዘብ የተገዛውን ትምህርት እኛ በነጻ አግኝተነዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ ቀጣዩን የቴሌኮም አክሲዮን ከመግዛቱ በፊት እንደ ደንበኛ ያየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በሒሳብ ሪፖርቱ ያረጋገጠውን በሌላ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ሁለተኛውን መጻፍ እስኪችል ድረስ ግዢውን ያቆየው።